በቅሎ ተከለከለ፣ ቤንዚን ተፈቀደ

ባለፈው ሰሞን በሻይ ክበቡ የተነሣው ክርክር እስከ ማደሪያችን ተከትሎን መጥቶ እንቅልፍ ነሣን። ነገሩ የሱዳን ጦርነት ነበር። አንዱ ወገን «መፍትሔው የጦር አበጋዞቹን ገንዘብ መዝጋት ነው፤ የጎረቤት አገር ባንኮች በራቸውን ይዝጉባቸው፤ ያኔ ጥይቱም ያልቃል» አለ። ሌላው ወገን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ማዕቀብ የኢምፔሪያሊዝም አለንጋ ነው! ዛሬ በሱዳን ጀርባ፣ ነገ በእኛ!» ሲል ጠረጴዛውን ደበደበ። ለሁለቱም ተጨበጨበ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ማንም ግን አንዲት ጥያቄ አላነሣም፦ በሩ ይዘጋ ሲባል የትኛው በር ነው የሚዘጋው? ገርበብ ተደርጎ የሚተወውስ የትኛው ነው?

ይህን የምንጽፈው ከሳንጃና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ነን። ሳንጃን የማያውቅ ወገን ካለ፣ ከጎንደር ደጋ ቁልቁል ሲወርዱ የሚያገኟት የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ሙቀቷ ያንገበግባል፤ ሰሊጧና ማሽላዋ ግን ያጠግባል። ከእሷ ወደ ምዕራብ ፊቱን አዙሮ የሄደ ሰው መጨረሻው ሱዳን ነው። ስለዚህ ለእኛ «የጎረቤት አገር ባንክ» የሚባለው ነገር የመማሪያ መጽሐፍ ቃል አይደለም። በልቶ ማደርና ጦም ማደር ነው።

ልጆች ሳለን ከመካከላችን የአንዱ አጎት ሰሊጥ ይነግዱ ነበር። አንድ ዓመት ምርቱ ሰመረላቸውና ገዳሪፍ ካለ የቆየ ደንበኛቸው ጋር ተዋውለው ጭነው ላኩ። ሰውየው የታመነ ነበር፤ ገንዘቡን በአገሩ ባንክ አስገባ፤ ደረሰኙንም ላከ። ገንዘቡ ግን የውኃ ሽታ ሆነ። አጎት ከተማ ወጥተው ባንክ ቤት ቢጠይቁ «ከላይ ተይዟል» ተባሉ። «የትኛው ላይ?» ቢሉ የሚመልስ ጠፋ። ወር ሄደ፣ ሁለት ወር ሄደ። በመጨረሻ ደንበኛው አፍሮ ዕዳውን በስኳር፣ በሳሙናና በላስቲክ ጫማ ከፈለ፤ እሱም በሌሊት፣ በግመል ተጭኖ፣ በየመንገዱ እጅ እየተነሣ። አጎት ለአጫጆቻቸው የሚከፍሉት ስላልነበራቸው ሁለት በሬ ሸጡ። ሰሊጥ ሸጠው የላስቲክ ጫማ ታቅፈው የቀሩት እኒያ ሰው በዳርፉር ላይ አንዲት ጥይት አልተኮሱም። ዳርፉር የት እንዳለም አያውቁም ነበር።

ታዲያ ገንዘቡን ማን ያዘው? ነገሩ ምትሐት አይደለም፤ አሠራሩን ማወቅ ብቻ ይጠይቃል።

በሳንጃ ገበያ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በሬ ሲሻሻጡ ዋስ ይጠራሉ። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው መካከል ይቆማል። በዓለም ገበያም እንዲሁ ዋስ አለ። የካርቱም ባንክና የአዲስ አበባ ባንክ በዶላር ሲተሳሰቡ ገንዘቡ በጆንያ ታስሮ ጠረፍ አይሻገርም። ሁለቱም ሒሳብ የከፈቱበት ሦስተኛ ባንክ አለ፤ እሱ ከአንዱ መዝገብ ቀንሶ በሌላው ይደምራል። ነገሩ የዶላር ከሆነ የዋሱ ዋስ፣ የመጨረሻው ዋስ ኒው ዮርክ ነው። እንግዲህ የዋሽንግተን ግምጃ ቤት መልእክተኛ ወደ አንድ ጎረቤት አገር ዋና ከተማ ሲመጣ ጦር አያስከትልም፤ ሻንጣ ብቻ ይይዛል። ለባንኩ ሹም የሚነግረውም አጭር ነው፦ «ወይ ከእሱ ጋር ትሠራለህ፣ ወይ ከእኔ ጋር።»

የባንኩ ሹም ሞኝ አይደለም። የተከለከለውን ካልተከለከለው መለየት ሒሳብ ዐዋቂ ይፈልጋል፣ ጠበቃ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሁሉን መዝጋት ግን ወጪ የለውም። ስለዚህ ሁሉን ይዘጋል። ጄኔራሉ ሌላ መንገድ አያጣም፤ በሌላ ስም ኩባንያ ያቋቁማል፣ ወርቅ ጭኖ በአውሮፕላን ይልካል። አጎት አውሮፕላን የላቸውም።

አሁን ወደ 1928 ዓ.ም. እንመለስ። ይህን ታሪክ ከማንም አልተዋስነውም፤ የራሳችን ነው። «ማዕቀብ ሰላማዊ ፍርድ ነው» የሚለው ወገንም፣ «ማዕቀብ አለንጋ ነው» የሚለውም ዘሎት ያልፋል።

ፋሺስት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻገረች። የመንግሥታት ማኅበር ጄኔቭ ላይ ተቀምጦ ወራሪ ናት ሲል ፈረደ። 50 መንግሥታት ተስማሙ፤ ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ አፈነገጡ። ጥቅምት 3 ቀን ለኢጣልያ መንግሥት ብድር እንዳይሰጥ ተወሰነ። ጥቅምት 8 ቀን ሸቀጧ እንዳይገዛ፣ የተወሰኑ ዕቃዎችም እንዳይሸጡላት ተወሰነ። ኅዳር 8 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። በወረቀት ሲያዩት ያምራል። በታሪክ የመጀመሪያው ታላቅ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ማዕቀብ የተጣለው ለኢትዮጵያ ተብሎ ነው ብሎ መኩራራትም ይቻላል።

እስቲ ዝርዝሩን እናንብበው። ለኢጣልያ እንዳይሸጥ ከተባለው ውስጥ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ይገኙበታል። አዎ፣ በቅሎ! ጎማና ኒኬልም አሉበት። ቤንዚን ግን የለበትም። የድንጋይ ከሰልም የለበትም። የታንኩና የአውሮፕላኑ መጠጥ ተፈቅዶ የገበሬው በቅሎ ተከለከለ። ሙሶሊኒ ራሱ ከዓመታት በኋላ ሙኒክ ላይ ለሂትለር፣ ማኅበሩ ቤንዚኑን ቢጨምርበት ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ማለቱን አስተርጓሚው ጽፎታል። የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። የወራሪው መርከቦች ወታደርና ቦምብ ጭነው፣ የቦዩን ክፍያ ቆጥረው እየከፈሉ አለፉ።

ጎረቤቶቿስ? ኦስትሪያ ገና ከመነሻው አልተባበርም አለች። ማኅበሩን በቤቷ ያስቀመጠችው ስዊስ ብድር የመከልከሉን ነገር ተቀበለች፤ ሸቀጧን አልገዛም ማለቱን ግን እምቢ አለች። መሣሪያ የመከልከሉን ውሳኔ ደግሞ በወራሪውና በተወራሪው ላይ እኩል ጣለችው። ምን ዓይነት እኩልነት ነው? የመሣሪያ ፋብሪካ ያለውንና የሌለውን እኩል መከልከል የሌለውን ብቻ መከልከል ነው። ይህን ለማወቅ ሒሳብ መማር አያሻም።

ወርቁስ? «የኢጣልያ ሸቀጥ አይገዛ» ያለው ውሳኔ የወርቅና የብር ቡችላን ነጥሎ አውጥቶ ነበር። ሙሶሊኒ የባንኩን ወርቅ እየሸጠ የሚፈልገውን ገዛ። ታኅሣሥ 8 ቀን ደግሞ የኢጣልያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበት በአደባባይ አሰበሰበ። ማዕቀቡ ሕዝቡን ከፋሺስቱ ይነጥለዋል ተብሎ ነበር። ሕዝቡ ቀለበቱን አውልቆ ሰጠው። ይህንንም የሚያጨበጭበው ወገን ልብ ይበል።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የስታራቼ ጦር ጎንደር ገባ። በምን ገባ? በበቅሎ አይደለም። ከሰቲት ማዶ በቆላው በኩል በካሚዮን ሰልፍ መጣ። ካሚዮኑን የነዳው ያ ያልተከለከለው ቤንዚን ነው። የአያቶቻችን አገር ጄኔቭ ላይ በገርበብታ በተተወ በር ተወሰደ ብንል አልተጋነነም። ከዚያ በኋላ የአርማጭሆ አርበኛ የማረከውን ጠመንጃ ይዞ በየጥሻው ሲዋደቅ ኖረ። ጎንደር የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት አሉ። የፋሺስት ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ከዚያም ኢትዮጵያ መከላከሏን የምትቀጥልበት 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር እንዲሰጣት ወይም ዋስ እንዲቆሙላት ጠየቀች። ሰኔ 27 ቀን ድምፅ ተሰጠ። 1 ድምፅ ደገፈ፤ እሱም የኢትዮጵያ የራሷ ነበር። 23 ተቃወሙ። 25 ዝም አሉ። ማዕቀቡም ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ልብ በሉ፤ ለወራሪው ብድር እንዳይሰጥ ያሉት መንግሥታት ለተወራሪውም ብድር አንሰጥም አሉ። ገንዘብ የመከልከል ሥልጣን ያለው ሁሉ ገንዘብ የመስጠት ልብ የለውም።

ይህ ጥንት ነው፣ ዛሬ ተለውጧል የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ ዛሬ እንምጣ።

አሜሪካ በሱዳን ላይ ሙሉ የንግድና የገንዘብ ማዕቀብ የጣለችው ጥቅምት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። ለ20 ዓመት ቆየ። የሱዳን ሸቀጥ ወደ አሜሪካ አይግባ ተባለ። ሆኖም አንድ ነገር ልዩ ፈቃድ አገኘ፤ የግራር ሙጫ! ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ያለ እሱ አይሆንማ። ሰሊጥ አይቀመስም፣ ሙጫ ግን ይቀመሳል። ያ ግራር የሚበቅልበት ቆላ ወደ እኛም ይዘልቃል፤ ስለዚህ ቀልዱ ይገባናል። በ1928 ቤንዚን ነበር፣ በ1990ዎቹ ሙጫ ሆነ። ኃይለኛው የሚፈልገውን ነገር ከዝርዝሩ ያወጣል።

የጎረቤት ባንኮች ነገርስ? አንድ ታላቅ የፈረንሳይ ባንክ፣ ቢ.ኤን.ፒ. ፓሪባ፣ በዚያው ዘመን የሱዳንን ዶላር ሲያንቀሳቅስ ተያዘ። ከኒው ዮርክ ዓይን ለመሰወር በአፍሪካ፣ በአውሮጳና በመካከለኛው ምሥራቅ ያሉ ትናንሽ ባንኮችን እንደ መሸጋገሪያ ድንጋይ ተጠቀመ። ለሱዳን ሲሠራ የነበረው ዋናው ቅርንጫፉ የት ነበር? ጄኔቭ! ጥፋቱን አምኖ 8.97 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል መስማማቱ ይፋ የሆነው መቼ ነበር? ሰኔ 23 ቀን 2006 ዓ.ም.! ንጉሡ በጄኔቭ ከጮኹ ልክ 78 ዓመት። ዕድሉ ነው የገጠመው እንጂ ማንም አላቀደውም፤ ቢሆንም ለሚያስታውስ ሰው ያንገሸግሻል። ቅጣቱ የተከፈለው ለአሜሪካ የፌደራልና የኒው ዮርክ ባለ ሥልጣኖች ነው። አንድም የባንኩ ሹም እስር ቤት አልገባም። መንደሩ የተቃጠለበት የዳርፉር ሰው በዚያ ድርድር ጠረጴዛ አልነበረም። የእኛም አጎት አልነበሩም።

ከዚያ ጥቅምት 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ማዕቀቡ ተነሣ ተባለ። ተነሣ እንጂ በሩ አልተከፈተም። ሱዳን «ሽብርን የሚደግፉ መንግሥታት» ከሚባለው ዝርዝር የወጣችው ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ስለሆነ ባንኮቹ በመካከሉ ባሉት ሦስት ዓመታት ፈርተው ርቀው ቆዩ። ባንክን ማስፈራራት በአንድ ደብዳቤ ይሆናል፤ ፍርሃቱን ማስለቀቅ ግን ዓመታት ይወስዳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራሎቹ እርስ በርሳቸው ተዋጉ። በዚያ ሁሉ ዓመት በሕጋዊ ባንክ የሚነግደው ሱዳናዊ ሲከስር፣ ወርቅና ጠመንጃ የያዘው ነበር የወፈረው።

ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ገና በምናከብርበት ዕለት፣ አሜሪካ በፈጥኖ ደራሹ አዛዥ በሔሜቲና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ባሉ 7 ኩባንያዎች ላይ ማዕቀብ ጣለች። ጥር 8 ቀን የጦሩን መሪ ቡርሃንን ጨመረች። ይህ ከ1990ው ይሻላል፤ አልሸሸግንም። ስም ጠርቶ፣ ኩባንያ ቆጥሮ ነው። ነገር ግን ከጦርነቱ 20 ወር በኋላ መምጣቱን ማን ይርሳው? ያን ያህል ዘመን ወርቁ የት ይሸጥ እንደ ነበር የማያውቅ ነበር ወይ?

አሁን ወደ ራሳችን ሂስ እንዙር፤ ሌላውን እየገረፉ ራስን መማር የተማሪ ወግ አይደለምና። ታኅሣሥ 14 ቀን 2002 ዓ.ም. የጸጥታው ምክር ቤት በኤርትራ ላይ ማዕቀብ ሲጥል የገፋው ማን ነው? የእኛው መንግሥት ነው፤ በኢጋድና በአፍሪካ ኅብረት በኩል ዞሮ ዞሮ አስወሰነ። በኅዳር 2004 ሁለተኛው ውሳኔ በውጭ ከሚኖሩ ኤርትራውያን የሚሰበሰበውን የ2 በመቶ ግብር ጭምር አነሣ። ያኔ «ደግ አደረጋችሁ» ያልን ስንት ነን? ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ማዕቀቡ ሲነሣም አጨበጨብን። መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በእኛው ባለ ሥልጣኖች ላይ ጭምር ማዕቀብ የሚያስጥል ትእዛዝ ሲፈርም ግን «ሉዓላዊነታችን!» ብለን በአንድ ቃል ጮኽን። በጎረቤት ላይ ሲሆን ፍርድ፣ በእኛ ላይ ሲሆን ወረራ። እንዲህ ያለ ሚዛን በሳንጃ ገበያ ቢገኝ ይሰበራል።

ለመጀመሪያው ወገን፣ ለአጨብጫቢው፣ የምንለው ይህ ነው፦ ማዕቀብ ጥይት የለውም ማለት ሟች የለውም ማለት አይደለም። ባንክ ሲዘጋ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ይቆማል፤ ከስደት ልጅ ለእናቱ የሚልካት ትቆማለች፤ በሐዋላ ብትመጣም ደላላ ቀንሷት ነው። «ይህ የሚያልፍ ጉዳት ነው» ማለት ለማይጎዳው ሰው ይቀላል።

ለሁለተኛው ወገን፣ ጠረጴዛ ደብዳቢው፣ የምንለው ደግሞ ይህ ነው፦ ማዕቀብ ሁሉ አለንጋ ከሆነ በ1928 ኢትዮጵያ የለመነችው ምን ነበር? ቤንዚኑ ይዘጋ፣ ቦዩ ይዘጋ፣ ለተጠቃው ብድር ይሰጥ ብላ አልነበር? ያኔ ያጠፋን የማዕቀቡ መኖር አይደለም፤ የማዕቀቡ ቅጥፈት ነው። የውጭ እጅ ሁሉ ይቁረጥ የምትል ከሆነ በየጎረቤቱ ጄኔራሎች ወርቅ ሲሸጡ ዝም በል ማለትህ ነው። ይህም ተራማጅነት ሳይሆን ስንፍና ነው። የደቡብ ሮዴዢያ ጥቁር ሕዝብ እኮ ማዕቀቡ ይጥበቅ ሲል ነበር የሚጮኸው። በዚያም ቢሆን ደቡብ አፍሪካ በሯን ከፍታ ኢያን ስሚዝን ስትመግብ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. የሮዴዢያ ክሮም እንዲገባ ሕግ አወጣ፤ እስከ 1977ም ሠራበት። ማዕቀቡን በሐቅ የጠበቀችው ድሃዋ ጎረቤት ዛምቢያ ግን ከ1973 እስከ 1978 ድንበሯን ዘግታ ኪሳራውን ተሸከመች። ይኸውና ደግሞ፤ ቤንዚን፣ ሙጫ፣ ክሮም!

ስለዚህ እኛ «ማዕቀብ ይኑር» ወይም «ማዕቀብ ይውደም» አንልም። ነገ አንድ መልእክተኛ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጎረቤት ባንክ፣ ወይም ወደ እኛው ባንክ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ እንላለን።

አንደኛ፣ ዝርዝሩን አሳየን። ጦርነቱ የሚጠጣው ነገር፣ ነዳጁና ወርቁ፣ አለበት ወይ? ከሌለበት ወደ ቤትህ ተመለስ፤ በቅሎ ልትከለክለን አልተቀበልንህም።

ሁለተኛ፣ በሩ ለተጠቃው ተከፍቷል ወይ? ለሰሊጥ ነጋዴው፣ ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለስደተኛው እናት የሚሆን የተጻፈ ፈቃድና ያንን የሚያስተላልፍ ስሙ የታወቀ ባንክ አለ ወይ? «አልከለከልንም እኮ» ማለት አይበቃም። ባንኩ ፈርቶ ከዘጋ ያስፈራራው ሰው ተጠያቂ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የሚያበቃው መቼ ነው? ምን ሲደረግ ነው የሚነሣው? ሲነሣስ የባንኮቹን ፍርሃት ማን ያስለቅቃል? ጎረቤት የተሸከመውን ኪሳራስ ማን ይካሳል?

የኢኮኖሚክስና የሕግ ፋኩልቲ ወገኖቻችን ይህን ጉዳይ እንደ ፈተና ጥያቄ ሳይሆን እንደ ቤታችሁ ጉዳይ ያዙት። ገንዘብ በዓለም ላይ እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን ትንሽ ነው፤ መፈክር የሚያውቅ ግን ሞልቷል። ዲፕሎማቱ የሚንቀን ባለመጮኻችን አይደለም፤ ዝርዝሩን ባለማንበባችን ነው። በ1928 ዝርዝሩ ጄኔቭ ላይ ሲነበብ ጎንደር አልሰማችም ነበር። እኛ ማንበብ ተምረናል። ደንቆሮ ነበርን የምንልበት ሰበብ አልቆብናል።

አጎት ዛሬም በሕይወት አሉ። ያን የላስቲክ ጫማ ሸጠው አልጨረሱትም፤ የቀረውን ለመንደሩ ሕፃናት አደሉት። ዩኒቨርሲቲ ገባን ብለን ልንሰናበታቸው ስንሄድ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንግዲህ ተምራችሁ ስትመጡ ያ ‹ላይ› የሚባለው የት እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ።»

ይኸው አሁን አውቀነዋል። እሳቸውን ይዘን እስከዚያ ድረስ ሄደን የምንጠይቀው መቼ ነው?